ተማሪዎችን «በዓይኑ የሚማር»፣ «በጆሮው የሚማር» ብሎ መመደብ በእርግጥ ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ የሳይንስ መምህር

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳይንስ አስተምራለሁ። የምሠራበት ትምህርት ቤት በወሰነ ትምህርቱ መጀመሪያ ላይ አንድ መጠይቅ ሰጥቶን ተማሪዎቻችንን በአራት እንድንመድብ ታዘናል፤ በማየት የሚማሩ፣ በመስማት የሚማሩ፣ በማንበብና በመጻፍ የሚማሩ፣ በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩ በሚል። ከምደባው በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ርዕስ አራት ዓይነት ዝግጅት አዘጋጅተን ተማሪው ለምድቡ የሚስማማውን ብቻ እንዲያገኝ ማድረግ ይጠበቅብናል።

ተማሪዎች እንደሚለያዩ አልክድም። አንዲት ተማሪዬ በክፍለ ጊዜው ውስጥ እስክርቢቶ ሳታነሣ አዳምጣ በማግስቱ የተባለውን ሁሉ ቅደም ተከተሉን ሳታዛባ ትናገራለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ግን ባትሪውን፣ ሽቦውንና አምፖሉን በገዛ እጁ ካላገናኘ በስተቀር ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የምናገረው ሁሉ ከጆሮው አልፎ አይገባም። ይህን በየቀኑ እያየሁ ሁሉም ልጅ አንድ ነው ማለት አልችልም። ይሁን እንጂ መጠይቁን ስመለከት ጥርጣሬ ገባኝ፤ ጥያቄዎቹ ልጁ የትኛውን እንደሚወድ እንጂ በየትኛው ሲማር በእርግጥ እንደሚገባው የሚለኩ አልመሰሉኝም።

ስለዚህ ልምዱም ዕውቀቱም ያላችሁ እንድትመልሱልኝ የምፈልገው፣ ይህ ምደባ በጥናት የተደገፈ መሆን አለመሆኑን ነው። ካልተደገፈ ደግሞ በተማሪዎች መካከል ያለውና ለማስተማር ሥራዬ የሚጠቅመኝ ልዩነት የቱ ነው? በዚህ ላይ «ልጄ በጆሮዋ ነው የምትማረው፤ እባክዎ ንባብ አያስገድዱብኝ» ያሉኝ ወላጅ አሉ፤ ለእሳቸው ምን ብዬ እንደምመልስ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ በትምህርት ሥነ ልቦና የሚሠራ

ጥርጣሬዎ ትክክለኛው ቦታ ላይ አርፏል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እርስዎ የገለጹት የአራት ምድብ አከፋፈል ኒል ፍሌሚንግ የተባሉ የኒውዚላንድ የትምህርት ባለሙያ በ1992 ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ያስተዋወቁት ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ዴቪድ ኮልብ በ1984 በሰፊው ያቀረቡት ሌላ አከፋፈል ነበር፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ብዙዎች ተከትለዋል። በፍራንክ ኮፊልድ የተመራ የእንግሊዝ ቡድን በ2004 ባወጣው ግምገማ ሰባ አንድ የሚሆኑ የተለያዩ አከፋፈሎችን ለይቷል። ይህ ቁጥር ብቻውን የሚነግረን ነገር አለ፤ ተማሪ በእውነት በተፈጥሮው በጥቂት ዓይነት የተከፈለ ቢሆን ኖሮ አጥኚዎቹ ቢያንስ በዓይነቶቹ ስም ላይ ይስማሙ ነበር።

ትልቁ ጥያቄ ግን የምድቦቹ ቁጥር ሳይሆን የማስረጃው ነገር ነው። ሃሮልድ ፓሽለር፣ ማርክ ማክዳንኤል፣ ዳግ ሮረርና ሮበርት ብዮርክ በ2008 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ጥናት ምደባው ይጠቅማል ለማለት ምን ማሳየት እንዳለበት በግልጽ አስቀምጠዋል። በመጀመሪያ ተማሪዎች በየዘይቤያቸው ይመደባሉ። ቀጥሎ ከየምድቡ ግማሹ በዕጣ በሥዕል፣ ግማሹ በድምፅ እንዲማር ይደረግና በመጨረሻ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ። ምደባው ሠርቷል የሚባለው «ተመልካች» የተባሉት በሥዕል ሲማሩ፣ «አድማጭ» የተባሉት ደግሞ በድምፅ ሲማሩ የተሻለ ውጤት ካመጡ ብቻ ነው። ሥዕሉ ሁለቱንም ወገን ከጠቀመ ያ ርዕስ በሥዕል ቢቀርብ ይሻላል ማለት ነው፤ የልጁን ዓይነት ማወቁ የጨመረው ነገር የለም። እነዚህ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ጥናቶችን ሲፈልጉ ያገኙት እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ካገኟቸውም መካከል በርከት ያሉት ምደባውን የሚቃረን ውጤት ያሳዩ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም አቅጣጫውን አልቀየሩም። ቤት ሮጎውስኪና ባልደረቦቿ በ2015 ባሳተሙት ጥናት አዋቂዎች አንድን ጽሑፍ ገሚሶቹ አዳመጡት፣ ገሚሶቹ አነበቡት፤ ወዲያውም ሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ «አድማጭ ነኝ» ያለው ሰው በማዳመጡ፣ «አንባቢ ነኝ» ያለውም በማንበቡ ያገኘው ብልጫ አልታየም።

«ምን እንደሚወድ እንጂ ምን እንደሚገባው አይለካም» ያሉትን በተመለከተም በ2017 አቢ ኖል ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት አለ። ማየት እመርጣለሁ ያሉ ሰዎች ሥዕሎቹን ይበልጥ እንደሚያስታውሱ፣ ቃላት እመርጣለሁ ያሉት ደግሞ ቃላቱን ይበልጥ እንደሚያስታውሱ ቀድመው ተንብየው ነበር። ሲፈተኑ ግን ምርጫቸው ከትውስታቸው ጋር አልተያያዘም። ዘይቤው የወሰነው በራሳቸው ላይ የነበራቸውን እምነት እንጂ የተማሩትን መጠን አልነበረም።

የማቅረቢያውን መንገድ የሚወስነው በአብዛኛው ትምህርቱ ራሱ ነው። የአንድን ባዕድ ቋንቋ ድምፅ ሳይሰማው የሚለየው «ተመልካች» የለም፤ የአንድን አህጉር ቅርጽ በንግግር ብቻ የሚረዳ «አድማጭ»ም እንዲሁ። አላን ፓይቪዮ ከ1971 ጀምሮ ባዳበሩት ሐሳብ መሠረት ደግሞ ቃልና ሥዕል አብረው ሲቀርቡ ትውስታው ሁለት መያዣ ስለሚያገኝ ለማንኛውም ተማሪ ይጠቅማል። እንግዲህ አራቱን ዝግጅቶች ለአራት ቡድን ማከፋፈል ማለት ለሁሉም የሚጠቅመውን ነገር ከእያንዳንዱ ላይ ሦስቱን እጅ መንጠቅ ይሆናል።

መልስ 2፦ የሒሳብ መምህር

ከላይ የተሰጠውን ማብራሪያ እየተቀበልኩ፣ ሁለተኛውን ጥያቄዎን፣ ማለትም የሚጠቅመው ልዩነት የት እንዳለ፣ ከሒሳብ ክፍል በተወሰደ ምሳሌ ለማሳየት ልሞክር።

1/3 ሲደመር 1/4 ስንት ነው ተብለው ከሚጠየቁ ተማሪዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት 2/7 ብለው ይጽፋሉ። ወረቀት ሰብስቦ የሚያርም መምህር በሁሉም ላይ ቀይ ጭረት አድርጎ ያልፋል። ጎንበስ ብሎ «እስቲ እንዴት እንዳገኘኸው አስረዳኝ» ያለ መምህር ግን አንዱ መልስ በሦስት የተለያየ መንገድ እንደተገኘ ይደርስበታል። የመጀመሪያው ልጅ ክፍልፋይን እንደ አንድ ቁጥር አያየውም፤ ለእሱ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ 2/7 ከ1/3 እንደሚያንስ ብትነግሩትና «ጨምረንበት ሳለ እንዴት ቀነሰ?» ብትሉት ጥያቄው ራሱ ትርጉም አይሰጠውም። ሁለተኛዋ የክፍልፋይን ምንነት በደንብ ታውቃለች፤ ባለፈው ምዕራፍ ክፍልፋይ ሲባዛ ላዕል በላዕል፣ ታህት በታህት እንደሚሠራ ስለተማረች ያንኑ ሕግ ወደ መደመር አምጥታው ነው። ያው ጥያቄ ሲቀርብላት ትደነግጥና ሳይነገራት መልሳ ትሠራዋለች። ሦስተኛው የጋራ ታህት እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ ነገር ግን የማባዛት ሠንጠረዡን አጥርቶ ስላልያዘ 12ን ፍለጋ ሲሄድ የጀመረውን ይረሳና ደክሞት በአቋራጩ ይወጣል።

ለመጀመሪያው ልጅ የቁጥር መስመር ተሥሎለት 1/3 እና 1/4 የት እንደሚያርፉ በጣቱ እያሳየ መቆየት ያስፈልገዋል። ለሁለተኛዋ አንድ ጥያቄ ይበቃታል። ለሦስተኛው ደግሞ ስለ ክፍልፋይ ምንም አዲስ ማብራሪያ ሳይሰጠው በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ማባዛትን ቢለማመድ ይሻለዋል። መጠይቁ እኮ ሦስቱንም «ተመልካች» ብሎ አንድ ወንበር ላይ ሊያስቀምጣቸው ይችላል።

የተማሪ ልዩነት ስንል በመጀመሪያ ደረጃ መመልከት ያለብን ይህንኑ ነው፤ ልጁ ወደ ርዕሱ ሲገባ ይዞት የመጣውን ዕውቀት፣ በተለይም የተሳሳተውን። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው በአንድ ጊዜ በአእምሮ ይዞ ማሰብ የሚቻለው የነገር መጠን ነው። ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰባት አካባቢ ብለው የገመቱትን ኔልሰን ኮዋን በ2001 ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል። ይህ አቅም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ይሁን እንጂ ዕውቀት በጨመረ ቁጥር ጠባብነቱ እየቀለለ ይሄዳል፤ ምክንያቱም 12 የሦስትና የአራት የጋራ ብዜት መሆኑን በቃሉ የያዘ ልጅ በዚያ ስሌት ላይ የሚያጠፋው ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የጆን ስዌለርን ሥራ ተከትለው ስላቫ ካሉጋና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ምሳሌ ለጀማሪ ትልቅ ድጋፍ ሲሆን፣ ርዕሱን ለለመደ ተማሪ ያው ምሳሌ ጥቅሙ እየቀነሰ ሄዶ እስከ ማደናቀፍ ይደርሳል። ስለዚህ አንዱ ተማሪ «መምህሩ አብራርተው ሲሠሩት ነው የሚገባኝ»፣ ሌላው «ለእኔ ጥያቄውን ብቻ ስጡኝ» ሲል ከሰማን የሁለት ዓይነት አእምሮ ጉዳይ አድርገን ለመውሰድ አንቸኩል፤ ምናልባት በአንድ መንገድ ላይ የተለያየ ቦታ የደረሱ ናቸው። ያው ልጅ በሚቀጥለው ወር አዲስ ምዕራፍ ሲጀመር ተመልሶ ማብራሪያ ፈላጊ ይሆናል።

ባትሪውን ካልነካ የማይገባውን ልጅ በተመለከተ የምመክርዎ፣ ርዕሱን ቀይረው እንዲመለከቱት ነው። በደንብ በሚያውቀው ጉዳይ ላይም መንካት ግድ ይሆንበታል? ወይስ ለማይታየው የኤሌክትሪክ ጅረት በአእምሮው ውስጥ ምንም መነሻ ሥዕል ስለሌለው ነው በእጁ መያዝ የፈለገው? ሁለተኛው ከሆነ ሙከራው ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ ያስፈልጋል፤ ያቺ ጎበዝ አድማጭም ቢሆን ሽቦውን አገናኚ ብትባል ምን እንደምታደርግ ማየት ነው።

መልስ 3፦ የቋንቋ መምህርት

እኔ በከፊል እለያለሁ። መጠይቁን ለተማሪዎቼ ሰጥቼ አይቻለሁ፤ ውጤቱን እንደ ሕግ አልያዝኩትም፣ ነገር ግን ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ እንዴት ነው የማጠናው?» ብለው እርስ በርስ ሲወያዩ ሰምቻለሁ። ይህን ውይይት ለመክፈት የሚረዳ ነገር ሁሉ ዋጋ ቢስ ነው ለማለት ይከብደኛል። በዚያ ላይ ሃዋርድ ጋርድነር የሰው ልጅ የማሰብ ችሎታ ብዙ ዓይነት እንደሆነ በ1983 አስተምረውን የለም እንዴ? የሙዚቃ፣ የቋንቋ፣ የአካል እንቅስቃሴ ችሎታ ከልጅ ልጅ እንደሚለያይ ማንም መምህር ያውቃል።

መልስ 4፦ በትምህርት ሥነ ልቦና የሚሠራ

ውይይቱ እንደሚጠቅም አምናለሁ፤ ግን መክፈቻው ሌላ ሊሆን ይችላል። «ለባለፈው ፈተና እንዴት አጠናችሁ? የትኛው ጥያቄ ላይ ተቸገራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያንኑ ወሬ ያስጀምራል፤ ልጁም «እኔ አንባቢ አይደለሁም» የሚል ታርጋ ለጥፎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ስለ ጋርድነር ከሆነ፣ እሳቸው ራሳቸው በ2013 በጋዜጣ ባወጡት ጽሑፍ የእሳቸው ሐሳብና የአማማር ዘይቤ ምደባ አንድ እንዳልሆኑ ገልጸዋል። አንድ ልጅ ለሙዚቃ ተሰጥኦ አለው ማለት ታሪክን በዜማ ቢማር ይበልጥ ይገባዋል ማለት አይደለም።

መልስ 5፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ

እስካሁን የተባለው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉንም በአንድ መንገድ ማስተማር ነው» ወደሚል መደምደሚያ እንዳይሄድ እሰጋለሁ።

ማየት ለተሳነው ተማሪ ብሬልና ድምፅ፣ መስማት ለተሳነው የምልክት ቋንቋ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። እነዚህ ጥርት ብለው ስለሚታዩ ማንም አይከራከርባቸውም። የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ፊደልን ከድምፁ ጋር ማያያዝ ከሌሎች ይልቅ ይከብደዋል፤ አስተዋይነቱ ግን እንደማንኛውም ልጅ ነው። ሲነበብለት ስለሚገባውና ሲያነብ ስለሚደናቀፍ መጠይቁ ላይ «መስማት እመርጣለሁ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ እውነቱን ነው። ከዚያም መምህሩ «አድማጭ» ብሎ ይመዘግበውና በድምፅ የተቀዳ ትምህርት ብቻ እየሰጠው ዓመቱ ያልፋል። የሳይንስ ይዘቱን በድምፅ ማግኘቱ ተገቢ ነው፣ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ እንዳይቀር ያግዘዋል። ነገር ግን ከዚያው ጎን ለጎን የፊደልና የድምፅ ግንኙነትን በግልጽ፣ በቅደም ተከተልና በድግግሞሽ የሚያስተምረው ሰው ካላገኘ ችግሩ እየከበደ ይሄዳል። ምደባው ለዚህ ልጅ እርዳታ መስሎ የመጣ መጋረጃ ሆነበት ማለት ነው።

ሰሌዳው አጥርቶ የማይታየው፣ መነጽር የሚያስፈልገው ልጅም እንዲሁ «ስሰማ ይሻለኛል» ይላል። አንዱ ጆሮው የደከመ ልጅ «በሥዕል ይሻለኛል» ሊል ይችላል። ከመጠይቁ አንድ ጥቅም ማውጣት ካስፈለገ፣ አንድን መንገድ አጥብቆ የሚሸሽ ልጅ ሲገኝ «ለምን?» ብሎ ማየትና መስማቱን፣ ንባቡንም ማስመርመር ነው።

ጠያቂው፦ የሳይንስ መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሒሳቡ መምህር የሰጡት የ2/7 ምሳሌ በተለይ ረድቶኛል፤ በእኔም ትምህርት «አምፖሉ ጅረቱን ይጨርሰዋል» ብለው የሚያምኑ ተማሪዎች እንዳሉ ስለማውቅ የት መጀመር እንዳለብኝ ታይቶኛል። የቀረኝ ተግባራዊው ነገር ነው። አራት ዝግጅት አላዘጋጅም ካልኩ በምትኩ ለርእሰ መምህሩ ምን አቀርባለሁ? ለወላጅዋስ?

መልስ 6፦ የሒሳብ መምህር

ለርእሰ መምህሩ ክርክር ይዘው ከሚሄዱ፣ የመጠይቁን ቦታ የሚተካ አንድ ገጽ ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች ያሉት ቅድመ ፈተና ይስጡ፤ ማርክ የማይያዝበት መሆኑን ይንገሯቸው። ጥያቄዎቹ የተለመዱትን ስሕተቶች የሚያወጡ ይሁኑ። አሁን የጠቀሱት በጣም ጥሩ ነው፦ አንድ ባትሪና ሁለት አምፖል ተከታትለው የተያያዙበትን ሥዕል ሰጥተው «የመጀመሪያው አምፖል ከሁለተኛው ይበልጥ ያበራል ወይስ እኩል ያበራሉ? ለምን?» ይበሏቸው። አምፖሎቹ አንድ ዓይነት እስከሆኑ ድረስ እኩል ያበራሉ፤ የመጀመሪያው ይበልጣል ያለ ልጅ ጅረት በመንገድ ላይ ያልቃል ብሎ እንደሚያስብ በራሱ ቃል ነገረዎት። ክፍሉን መቧደን ካስፈለገ በዚህ መልስ ይቧድኑ፤ ቡድኑም ለዚያ ምዕራፍ ብቻ ይቆይ።

ከዚያ ለሁሉም ሙከራውን ያሠሩ፣ ሥዕሉን ያሳዩ፣ በቃል ያብራሩ። የዝግጅት ጊዜዎ ከአራት እጥፍ ወደ አንድ ይወርዳል፤ ለርእሰ መምህሩ ይህም ቀላል ክርክር አይደለም።

የተረፈውን ጊዜ ደግሞ ተማሪዎቹ የተማሩትን ከአእምሯቸው እንዲያወጡ ለማድረግ ያውሉት። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንድ አጭር ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ 81 ከመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግሞ በማንበብ ፈንታ ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን የጻፉት 75 ከመቶውን አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 42፣ ዘግተው የጻፉት 56 ከመቶ ሆኑ። ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ደግሞ አንብቦ መከለስ ለተማሪው ይበልጥ የገባው መስሎ እንዲሰማው ማድረጉ ነው፤ ስለዚህ ምርጫውን ለልጁ ብንተውለት የሚመርጠው ያንኑ ነው። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ደብተር ተዘግቶ «ባለፈው ከተማርነው ሦስት ነገር ጻፉ፣ ከባለፈው ወር ደግሞ አንድ» ማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መልስ 7፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ

ስለ ወላጅዋ እኔ ልመልስ። «ተሳስተዋል» ብለው አይጀምሩ፤ ልጃቸው ላይ ያዩት ነገር አለ። በደረጃዋ የሚመጥኑና ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት አጫጭር ምንባቦችን ይምረጡ። አንዱን እርስዎ ያንብቡላትና ጥያቄ ይጠይቋት፤ ሌላውን ራሷ ጮክ ብላ ታንብብና ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቋት። በሁለቱም እኩል ከመለሰች ማዳመጥ የምትወደው መንገድ ነው ማለት ነው፤ ንባቡን መቀነስ የሚያስፈልግበት ምክንያት እንደሌለ ውጤቱን ለእናቷ ወይም ለአባቷ ያሳዩ። የሰማችውን በደንብ መልሳ ያነበበችው ላይ ከተቸገረች፣ ስታነብም ቃላቱን እየገመተች፣ መስመር እየዘለለች፣ በየፊደሉ እየቆመች ከሆነ፣ ንባብ መቀነስ ሳይሆን የዓይንና የንባብ ምርመራ ያስፈልጋታል። ያነበበችበትን ጊዜና የተሳሳተቻቸውን ቃላት በወረቀት ይመዝግቡ፤ የሚመረምራት ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።